ያልተሰበረው ብልቃጥ

የዶክተር ናዲፋ ክሊኒክ ለኮሌጁ የጻፈው ክስ እንዲህ ይላል። የሦስተኛ ዓመት የጥርስ ንጽሕና ተማሪ የሆነችው ቱርሲና፣ በክሊኒካችን በተግባር ልምምድ ላይ ሳለች፣ የጥርስ መፋቂያ መሣሪያዎችን በእንፋሎት ማምከኛው ውስጥ በቂ ጊዜ ሳታቆይ አውጥታ ለሥራ አቅርባለች። በዚህም የተነሳ ሦስት ታካሚዎች ድዳቸው አብጦና መግል ቋጥሮ ተመልሰው መጥተዋል። ማምከኛችን በየሳምንቱ ይፈተሻል፤ ወድቆ አያውቅም። ተማሪዋ የምትኖርበትን ሰፈር ሁኔታ ስናስብ ደግሞ የንጽሕና ልማድ ቢጎድላት የሚያስደንቅ አይደለም።

ቱርሲና በበኩሏ እንዲህ ትላለች። መሣሪያዎቹን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በወረቀት ከረጢት አሽጌ አስገባሁ። ማሽኑ ጨርሶ እስኪጮህ ድረስ ከፊቱ ንቅንቅ አላልኩም። በከረጢቱ ላይ ያለው፣ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁረው ምልክትም ጠቁሮ ነበር። ከረጢቶቹ ግን እርጥብ ሆነው ነው የወጡት፤ ከማሽኑ በር ጎማ ሥር እንፋሎት ይሾልካል። ይህን ደጋግሜ ተናግሬአለሁ። የተናገርኩትም ለዶክተሯ ልጅ ለሀይካል ነው።

ኮሌጁ ከሁለቱ አንዱን ለማመን ረቡዕ ጠዋት ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ከታመነ ቱርሲና ትባረራለች፤ ከዚያ በኋላ የሰው አፍ ውስጥ መሣሪያ ይዛ አትገባም። እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ከክሱ ግርጌ፣ ከዶክተሯ ስም ጎን፣ «ምስክር» ከሚለው ቃል ሥር የተፈረመው ፊርማ ነው። ጭራው ወደ ላይ የሚጠማዘዝ፣ ጥድፊያ የማያውቅ ፊርማ። ያው ፊርማ ሀይካል ባለፈው ዓመት በስጦታ በሰጣት የማይክሮባዮሎጂ መጽሐፍ የፊት ገጽ ላይም አለ። ከላዩ «ለሲና፣ በዓይን የማይታየውን ለምታይ» ተብሎ ተጽፎበታል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የባሕሩ ውሃ እንደ ልማዱ ወደ ሰፈሩ ገባ። በባሕር ዳርቻዋ ከተማ፣ በሰሜን ፔካሎንጋን፣ ውሃው ሲመጣ የሚሯሯጥ የለም። ቱርሲና እናቷ ለነገ ሜጎኖ የሚባለውን የአገሩን ሩዝ ያዘጋጀችበትን ቅርጫት ከመሬት አንስታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ፣ ከደጅ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ሰማች። ድምፁን ታውቀዋለች። ልቧ ሳያስፈቅዳት ዘለለ፤ በዚህም ይበልጥ ተናደደች።

ሀይካል ከበሩ ፊት ለፊት ውሃው ውስጥ ቆሟል። የሥራ ጫማውን አላወለቀም። ዮግያካርታ ከተማ ጥርስ ሕክምና ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ ከእናቱ ጋር ክሊኒኩን የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ልጅ።

«ዶክተርዬ፣ ጫማህን!» አለች እናቷ ሮፒያ ከውስጥ። «የእኛ ውሃ የማንንም ጫማ አይምርም!»

«ግድ የለም፣ ኢቡ፣» አለ፤ እናቴ እንደማለት ነው። ዓይኑ ግን ቱርሲና ላይ ነበር። «ሲና፣ መልእክት ልኬልሽ ነበር። አላየሽውም?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ሳታነቢው?»

«አንተስ እኔን ሳትጠይቅ አልፈረምክም? እኩል ነን።»

ፊቱ ቀላ። «ያየሁትን ነው የፈረምኩት። ፈተናውን በየሰኞው የምሠራው እኔ ነኝ። የጀርም መፈተሻው ብልቃጥ ሐምራዊ ሆኖ ነው የሚያድረው። ሐምራዊ ከሆነ ጀርሞቹ ሞተዋል፣ ማሽኑ ደህና ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«‹ጎማው ያፈሳል ብላኛለች› ብለህ ጻፍ! ‹ከረጢቱ እርጥብ ነው ብላ አሳይታኛለች፣ እኔም ለእናቴ እነግራለሁ ብያታለሁ› ብለህ ጻፍ! ይህንንስ አላየህም?»

«ነግሬአቸው ነበር። ኡሚ…» እናቱን እንዲህ ነው የሚጠራቸው። «ኡሚ ‹ፈተናው ካለፈ ጎማው ምን አደረገሽ በላት› አሉኝ።»

«አንተም አፍህን ዘጋህ።»

ውሃው በሁለቱ መካከል የሩዝ ቅጠልና የፕላስቲክ ኩባያ እየገፋ አለፈ። ሀይካል ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተጠጋ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ፣ ሲና። ከኡሚ ጋር ተነጋግሬአለሁ። ረቡዕ ዕለት ‹ቸኩዬ ነበር፣ ረስቼ ነው› በይ። በቃ። ሰው ይረሳል። ክሱን ያነሳሉ፣ ኮሌጁም በማስጠንቀቂያ ያልፍሻል። ከዚያ ከጾሙ በዓል በኋላ…» በበሩ በኩል ወደ ሮፒያ አየ። «ከዚያ ኡሚ ቤተሰባቸውን ይዘው እናትሽ ዘንድ አንቺን ለእኔ ሊለምኑ ይመጣሉ። ቃል ገብተውልኛል።»

ቱርሲና ይህን ዓረፍተ ነገር ስትጠብቅ ኖራለች። በባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ፣ በክሊኒኩ መስኮት ሥር፣ ተማሪዎች በሚበዙበት የሾርባ ቤት ውስጥ፣ አፉን በከፈተ ቁጥር ይሄ ነው ስትል ኖራለች። አሁን መጣላት። የመጣው ግን የገበያ ዋጋ ተለጥፎበት ነው።

«እና ጥፋተኛ ነኝ ካልኩ ሙሽራ ነኝ። ንጹሕ ነኝ ካልኩ ደግሞ ተባራሪ። እናትህ ገበያ ያውቁበታል።»

«እንዲህ አትበይ። ለሁለታችን ብዬ ነው።»

«ይሂዱ፣» አለችው።

ሀይካል ፊቱን በጥፊ የተመታ ያህል ወደ ኋላ አለ። ከተዋወቁ ጀምሮ «ማስ ሀይካል» ነበር የምትለው፤ በዚያ አገር ሴት ልጅ ታላቅ ወንድሟንና የምትወደውን ሰው በአንድ ቃል ነው የምትጠራው። እርስዎ ብላው አታውቅም።

«ሲና…»

«ይሂዱ፣ ዶክተር ሀይካል። ጫማዎ ይበላሻል።»

ሄደ። እሷም የበሩን መቃን ይዛ ጀርባውን ተመለከተች። ዞር ይል እንደሆነ ጠበቀች፤ መጠበቋ ደግሞ እንደ እሳት ለበለባት።

«ንዱክ፣» አለች እናቷ ከኋላዋ በለሆሳስ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ይህን ያህል ትወጂዋለሽ?»

«እጠላዋለሁ!»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ቱርሲና ወደ ጠረጴዛው ዞረች። የሩዙን ቅርጫት አንስታ መልሳ አስቀመጠችው፤ ቦታው ላይ እንደነበረ ያወቀችው ካስቀመጠችው በኋላ ነው።

*

ሰኞ ጠዋት በአደራ የተሰጣትን የላቦራቶሪ ቁልፍ ለመመለስ ኮሌጅ ሄደች። ረቡዕ ሰዎች ፊት ከሚቀሟት፣ ዛሬ በራሷ እጅ ብታስረክበው ይሻላል ብላ ነው። ተማሪዎቹ በአክብሮት «ፓክ» የሚሏቸው መምህር ፓክ ዋርሲቶ ግን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን እያስተማሩ ነበር፤ ሳይዞሩ በጣታቸው የኋላ ወንበር አመለከቷት።

ተማሪዎቹ ዓርብ ዕለት የገዛ ጥርሳቸውን በጥጥ ጠርገው የጀርም ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ቀብተው፣ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ዛሬ ሳህኖቹ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ በቅሏል፤ ጥርስ የሚያበሰብሰው ባክቴሪያ ነው። አንዷ ሳህኗን እያየች ትስቃለች፣ ሌላው አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። ፓክ ዋርሲቶ በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወሩ አንዲቷ ልጅ አጠገብ ቆሙ።

«የአንቺ እርሻ ለምለም ነው። ማነጻጸሪያሽስ?»

«የቱ፣ ፓክ?»

«ምንም ሳትቀቢበት አብረሽ የምታሞቂው ባዶ ሳህን ነዋ።»

«እሱን… ረሳሁት።»

«እንግዲያው ይህን ሁሉ ያበቀለው አፍሽ ይሁን፣ ቀድሞ የተበከለ ሳህን ይሁን በምን ታውቂያለሽ? ይህ ፈተና አይደለም፣ ጌጥ ነው። ጣይው!»

ክፍሉ ሳቀ። ቱርሲና አልሳቀችም። ጌጥ የሚለው ቃል ሌላ ቦታ ወሰዳት።

በክሊኒኩ የኋላ ክፍል ሰኞ ሰኞ ሀይካል ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች ይይዛል። በሁለቱም ውስጥ ወረቀት ላይ የደረቁ፣ ጠንካራ ቅርፊት ለብሰው የተኙ ጀርሞች አሉ፤ እንፋሎቱ እነሱን ከገደለ ሌላውን ሁሉ ገድሏል ማለት ነው። አንደኛው ብልቃጥ ከመሣሪያዎቹ ጋር ማምከኛው ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው አይገባም፤ ማነጻጸሪያ ነው። ከዚያ ሁለቱም ይሞቃሉ። በሕይወት የተረፈ ጀርም ካለ ሐምራዊውን ፈሳሽ በልቶ ቢጫ ያደርገዋል። እንፋሎት ያልነካው ብልቃጥ ደግሞ የግድ ቢጫ መሆን አለበት።

ሀይካል በማግሥቱ ማሞቂያ ሳጥኑን ሲከፍት እሷ አጠገቡ ትቆም ነበር። ብልቃጦቹን እንቁላል እንደሚይዝ ሰው በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ ብርሃን ያወጣቸዋል። «ሁለቱም ቆንጆዎች ናቸው፣» ይላታል። «የጆሮ ጌጥ ባሠራልሽ ያምሩብሻል።» እሷም ትስቃለች።

ሁለቱም ሐምራዊ ነበሩ።

ሁለቱም! ማይክሮባዮሎጂ ላይ ከክፍሏ አንደኛ የወጣችው ቱርሲና በየሳምንቱ ስህተቱን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ትስቅ ነበር። የምታየው ብልቃጡን አልነበረማ፤ ጣቶቹን ነበር። ንዴቱ እንደገና ግጥም ብሎ መጣባት፤ አሁን ግን ግማሹ ለራሷ ነበር።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ተነሳች። «ፓክ፣ ማነጻጸሪያው ቀለሙን ካልቀየረ ምን ማለት ነው?»

ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «የአንደኛ ዓመት ጥያቄ ነው። ትምህርቱ ጠፍቶሽ ነው ወይስ ተቆጥተሽ?»

«ተቆጥቼ።»

«ጥሩ። የተቆጣ ሰው መልሱን ያውቀዋል። በይ ንገሪኝ።»

«ፈተናው አልተካሄደም ማለት ነው።»

«ለምን አልተካሄደም?»

«እሱን አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። የሠራውን ሰው ጠይቂው። እዚህ ሳይሆን ረቡዕ፣ በሰው ፊት።» እጃቸውን ዘረጉ፤ ቁልፉን ልትሰጣቸው ስትል መልሰው መዳፏን ዘጉት። «ይህን ደግሞ ማንም አልጠየቀሽም።»

ቱርሲና ከሳምንቱ ሁሉ ያን ጊዜ ነው ማልቀስ ያማራት። ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

*

ረቡዕ በኮሌጁ መሰብሰቢያ ክፍል ዶክተር ናዲፋ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ የራስ መሸፈኛቸው ላይ አንዲት እጥፋት እንኳ አትታይም። ኮሌጁን የሚመሩት ወይዘሮ መሃል ላይ፣ ፓክ ዋርሲቶ ከጥግ ናቸው። ሀይካል፣ ፓክ ዋርሲቶ ይዘህ ና ያሉትን የብልቃጥ መያዣ ጭኑ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ከቱርሲና ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እሺ በይ፣ ይላል ዓይኑ። እባክሽ።

«ተማሪ ቱርሲና፣» አሉ ኃላፊዋ፣ «ለክሱ ምን መልስ አለሽ?»

«መልሴ ጥያቄ ነው። ዶክተር ሀይካል፣ ፈተናውን እንዴት እንደሚሠሩ ይንገሩን።»

ሀይካል ነገራቸው፤ በእርጋታ፣ አንድም ሳያስቀር።

«ማምከኛው ውስጥ ያልገባው ብልቃጥ፣ ሲሞቅ አድሮ ምን ቀለም ይይዛል?»

«ሐምራዊ።»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ፓክ ዋርሲቶ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንፋሎት ሳይነካው?» አለች ቱርሲና። «ጀርሞቹ በሕይወት እያሉ?»

«ምናልባት… ጊዜው ያለፈበት ይሆናል።»

ተነስታ ከመያዣው አንድ ብልቃጥ አወጣች። «ውጪው ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ሌላ ቀጭን የመስታወት ብልቃጥ አለ፤ ሐምራዊው ምግብ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ጀርሞቹ ደግሞ ከሥር ወረቀቱ ላይ ናቸው። ይህን መስታወት ከማሞቅዎ በፊት ይሰብሩታል?»

«አልሰብርም!» አለ ሀይካል፤ ድምፁ ላይ ኩራት የሚመስል ነገር ነበር። «አንድም ሰብሬ አላውቅም። ኡሚ ከመጀመሪያው ቀን ‹ዕቃው ስስ ነው፣ ተጠንቅቀህ ያዝ› ብለውኛል።»

ቱርሲና ተጠጋችው። ድሮ በጆሮው ልታንሾካሹክ ስትል የምትጠጋውን ያህል ተጠጋች። ብልቃጡን ከጆሮው ሥር ይዛ በጣቷ ጫነችው።

ቅጭ!

ሐምራዊው ፈሳሽ ወርዶ ወረቀቱን አራሰው።

«ይህን ድምፅ ሰምተውት ያውቃሉ?»

ሀይካል የራሰውን ወረቀት አፍጥጦ አየ። ከንፈሩ ነጣ። የተራቡት ጀርሞች ከሥር፣ ምግቡ ከላይ፣ መስታወቱ በመካከላቸው፤ እሱ ደግሞ በየሰኞው እንዳይነካኩ ተጠንቅቆ ሲይዛቸው ኖሯል። በዚያ ጥንቃቄ ነው እሷን የመሰከረባት።

ዶክተር ናዲፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ልጄ ፈተናውን አልሠራም ማለት እንጂ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።»

«ልክ ነዎት፣ ዶክተር፣» አሉ ፓክ ዋርሲቶ። ልክም ነበሩ። «ስለዚህ ዛሬውኑ ከልጅዎ ጋር ሄደን በትክክል እንሠራዋለን። ነገ ጠዋት እዚሁ እንገናኝ።»

*

ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብልቃጦች ቆመዋል። ማነጻጸሪያው ቢጫ ነው። ከማምከኛው የወጣውም ቢጫ ነው። ሁለቱም እንደ በሰለ ሎሚ ቢጫ ናቸው።

ኃላፊዋ ሁለቱንም ወደ ዶክተር ናዲፋ ገፋ አደረጓቸው። ከዚያ ዶክተር ናዲፋ፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያረጀ ሴት ድምፅ ሆኖ፣ መናገር ጀመሩ።

«ያን ክሊኒክ ባሌ በሞተ ዓመት በአንድ ወንበር ነው የጀመርኩት። ወሬው ከዚህ ክፍል ከወጣ ከተማው ውስጥ አፉን የሚከፍትልኝ ሰው አይኖርም። ጎማውን ዛሬ አስለውጣለሁ። ክሱን አንስቻለሁ። አንቺም…» ወደ ቱርሲና ዞሩ፤ «አንቺም፣ ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ከበዓሉ በኋላ ቤተሰቤን ይዤ እናትሽ ቤት እመጣለሁ። ውሃውን በእግሬ ረግጬ እመጣለሁ። ነገሩ ግን እዚሁ ይቅር።»

እውነታቸውን ነበር። ውሃውን እንደሚረግጡት ቱርሲና አልተጠራጠረችም። አንድ «እሺ» ብቻ ነበር የቀራት።

«የታከሙት ሰዎችስ?» አለች።

«ሦስቱ ድነዋል።»

«ሌሎቹስ? ጎማው ማፍሰስ ከጀመረበት ከዝናቡ ወቅት ወዲህ በእኛ እጅ አፋቸውን የከፈቱት ሁሉ? በእነዚያ መሣሪያዎች ስንት ድድ እንዳደማን እናውቃለን? ተጠርተው መመርመር የለባቸውም?»

«ሰው ማስደንገጥ ነው እሱ።»

«ስለ ሰፈሬ ጽፈው ነበር፣ ዶክተር።» ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቀረበች። «የእኛ ቤት ውሃ ይታያል። ጉልበት ድረስ ይመጣል፣ ሕፃን ልጅ እንኳ አይቶ ይሸሸዋል። የእርስዎ ግን በወረቀት ታሽጎ፣ ምልክቱ ጠቁሮ፣ ‹ንጹሕ ነው› ተብሎ ሰው አፍ ውስጥ ይገባል። የቱ ነው የሚያስፈራው?»

ቱርሲና ወደ ሀይካል ዞረች። አልጠየቀችውም። እሑድ ጀርባውን ያየችበትን ዓይን ፊቱ ላይ አሳረፈችው።

ሀይካል መጀመሪያ እናቱን አየ። ከዚያ ብልቃጦቹን። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ።

«ኡሚ፣ ይቅር ይበሉኝ። ክሊኒኩ ዛሬ ይዘጋል። የታከሙትን ሁሉ አንድ በአንድ ደውዬ የምጠራው እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ መሆኑን እነግራቸዋለሁ።»

ዶክተር ናዲፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የቱርሲና ደረት ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ ብሎ ተነሳ። ይሄ ነበር የወደደችው ሰው። እዚያው ነበር፤ አልሞተም። አንድ እርምጃ ብትራመድ ትደርስበታለች።

ሀይካል ወደ እሷ ዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ሲና፣» አለ፣ «አሁን አምኜሻለሁ።»

አሁን።

ሞቅታው ባለበት ቀዘቀዘ። እርጥቡን ከረጢት በእጇ ይዛ ያሳየችው ጊዜ አላመናትም። ደጃፏ ላይ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ፊት ለፊቷ፣ አላመናትም። ያመነው ቢጫውን ቀለም ነው።

«ተማሪ ቱርሲና፣» አሉ ኃላፊዋ በቀስታ፣ «ቦታሽ ተጠብቆልሻል። የቀረውን የሚወስን ሌላ ሰው የለም። ምን ትያለሽ?»

ቱርሲና ሁለቱን ብልቃጦች አነሳችና ለፓክ ዋርሲቶ አስረከበቻቸው።

«ልምምዴን ሌላ ክሊኒክ እጨርሳለሁ፣» አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች፤ የድሮውን ቃል ልትከለክለው አልቻለችም። «ማስ ሀይካል፣ ሰዎቹን ጥራቸው። ለእኔ ብለህ ግን አይሁን። እኔ መስታወት ካልተሰበረ በቀር ለማያምነኝ ሰው ሚስት አልሆንም።»